መንፈስ አለበት የሚባል ቤት ልንገዛ ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት የኖራችሁ ንገሩኝ

ማለዳ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ቤት ስንፈልግ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባለፈው ሳምንት ልባችን የወደደውን አገኘን፤ ሰፊ ግቢ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚሞላው ሳሎን። ዋጋው ደግሞ በዙሪያው ካሉት ቤቶች በግልጽ ያነሰ ነው። ለምን ረከሰ ብለን ደላላውን ስንጠይቀው «ባለቤቶቹ ስለቸኮሉ ነው» አለን።

ለሁለተኛ ጊዜ ልናየው ስንሄድ አንዲት ጎረቤት እናት በር ላይ አስቆሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያን ቤት ተይው፤ ሰው አይከርምበትም» አሉኝ። ከስምንት ዓመት በፊት የቤቱ አባወራ እዚያው ውስጥ ራሱን አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ተከራይ ገብቶ ሦስቱም ዓመት ሳይሞላው ወጥቷል። ሌሊት ኮቴ ይሰማል፣ መብራት ማንም ሳይነካው ይደምቃል ይደበዝዛል፣ አንዷ ተከራይ ደግሞ ተኝታ ሳለ ደረቷ ላይ የሚቀመጥባት ነገር ነበር አሉ።

ባለቤቴ ወሬ ነው ይላል። እኔ ግን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የ5 ዓመት ልጅ አለችን። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፦ እንዲህ በሚባል ቤት የኖረ አለ? ሻጩስ ደብቆኝ ቢሸጥልኝ ምን መብት አለኝ? ቀብድ ለመክፈል 10 ቀን ነው የቀረን።

ዘካርያስ | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ እኔ የምመክርሽ ተይው ብዬ ነው። የለም የሚል ይበል፤ እኔ ክፉ መንፈስ አለ ብዬ አምናለሁ። ሦስት ቤተሰብ ተማክሮ አይዋሽም። ቤት ማለት ሰው ማታ በሩን ዘግቶ እፎይ የሚልበት ነው። በገዛ ቤትሽ ጆሮሽን አቁመሽ የምታድሪ ከሆነ ርካሽነቱ ምን ይፈይድልሻል?

የሽቦ ሰው | ማክሰኞ ጠዋት

በኤሌክትሪክና በማሞቂያ ሥራ ላይ 26 ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ ዘካርያስ ያመነውን ተናግሯል፣ በእምነቱ አልከራከረውም። ግን ማለዳ፣ የጻፍሽውን ሳነብ ከመንፈሱ በፊት እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። የማይተዋወቁ ሦስት ቤተሰቦች፣ አንድ ቤት፣ የሌለ ኮቴ፣ ደረት ላይ የሚከብድ ነገር። በቤቱ ውስጥ በጋዝ፣ በከሰል፣ በእንጨት ወይም በናፍጣ የሚነድ ማሞቂያ አለ? የገላ ውሃ የሚያሞቅ ቦይለርስ? ካለ ማንም ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድርበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለካ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዊልያም ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በሙያው መጽሔት ላይ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አሳተመ። ቤተሰቡ በ1912 ወደ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ኮቴ ይሰሙ ጀመር፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ዕቃ ሲጎተት ይሰማቸዋል፤ የማያውቁት ሰው አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ያያሉ። ልጆቹ ገረጡ፣ ራስ ምታት አልለቃቸው አለ፣ የቤት ውስጥ አትክልቶች ደረቁ። በኋላ ማሞቂያ ምድጃው ሲመረመር ተበላሽቶ ተገኘ፤ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ጋዝ ሁሉ ወደ ክፍሎቹ ይገባ ነበር። እሱ ከተስተካከለ በኋላ የሚሰማውም የሚታየውም ቀረ።

ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ አንጎልና ልብ አየር ያጥራቸዋል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፣ ከዚያ ግራ መጋባት፣ ሲበዛ ደግሞ ሰው በእንቅልፉ ይቀራል። መለያው ከቤት ሲወጡ መሻሉ፣ ሲመለሱ መባሱ ነው። የጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ይህን ጋዝ አያውቀውም፤ ለእሱ የተሠራ ሌላ ጠቋሚ አለ።

መብራቱን በተመለከተ፣ በአንዱ ክፍል ሲደምቅ በሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኒውትራል የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ላልቷል ማለት ነው። እሱ ቤት ያቃጥላል፣ ቀልድ አይደለም። ኮቴ የሚመስለው ደግሞ ጣውላ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ድምፅ፣ ወይም ቧንቧ ውስጥ ውሃ በድንገት ሲቆም የሚመታው፣ ወይም ኮርኒስ ላይ ያለች አይጥ ሊሆን ይችላል። አይጥ በሌሊት ጸጥታ እንደ ሰው ትራመዳለች፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተታልያለሁ።

ማለዳ | ማክሰኞ ቀን

ቦይለር አለ። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ አሮጌ ነው። ከትልቁ መኝታ ክፍል ጋር የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። አሁን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የሽቦ ሰው | ማክሰኞ ቀን

አይዞሽ። እስካሁን አልኖራችሁበትም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ መለኪያ ያለው ባለሙያ ውሰዱ። በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ቦይለሩ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሠርቶ፣ ንባቡ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ይወሰድ። በር ከፍቶ ለክቶ «ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁን እዚያ ቤት ሰው የሚያድር ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

የውል ጉዳይ | ማክሰኞ ማታ

ጠበቃ ነኝ። ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልሞክረው። ሕጉ እንደ አገሩ ስለሚለያይ የአንቺን ቦታ የሚያውቅ ጠበቃ ማነጋገርሽ አይቀርም። ሆኖም ሌሎች ፍርድ ቤቶች የሄዱበትን ብታውቂ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ይገባሻል።

የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ የተወሰነው የስታምቦቭስኪና የአክሊ ጉዳይ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ገዢ ናያክ በምትባል መንደር አንድ ቤት በ650,000 ዶላር ሊገዛ ተዋውሎ 32,500 ዶላር ቀብድ ከፈለ። ቤቱ መንፈስ አለበት እንደሚባል የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ሻጯ ራሷ በ1977 ሪደርስ ዳይጀስት በሚባል መጽሔት ላይ መናፍስቱን አይተናል ብላ አውጥታለች፤ በኋላም መንደሩን ለሚያስጎበኙ ሰዎች ቤቱ ከሚታዩት አንዱ ሆኗል። የታችኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ግን በ3 ለ2 ድምፅ ገዢው ውሉን እንዲያፈርስ ፈቀደለት። ፍርዱ «በሕግ ዓይን ቤቱ መንፈስ ያለበት ነው» ይላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፍርድ ቤት መናፍስት መኖራቸውን አረጋገጠ ይላል። አይደለም። ፍሬ ነገሩ ሻጯ ለሕዝብ ያወጀችውን ነገር ለገዢው ስትሸጥ የለም ማለት አትችልም ነው። ደግሞም ገዢው የጠየቀው የማታለል ካሳ አልተሰጠውም፤ ያገኘው ከውሉ መውጣትን ብቻ ነው። የቆየው መርህ «ገዢ ይጠንቀቅ» ስለሆነ ዳኞቹ እዚያ ለመድረስም ብዙ ደክመዋል። ቤቱን ባለሙያ ቢመረምረው ጣሪያውንና ቧንቧውን ያያል እንጂ ስሙን አያይም፤ ለገዢው እንዲያደሉ ያደረጋቸው ይህ ነበር።

የሞት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1983 በተወሰነ መዝገብ አንዲት ገዢ ከዓመታት በፊት አንዲት እናትና አራት ልጆች የተገደሉበትን ቤት ሳይነገራት ገዛች። እሷም እንደ አንቺ ከጎረቤት ነው የሰማችው። ችሎቱ ክሷ እንዲቀጥል ፈቀደ። ዛሬ የዚያው ግዛት ሕግ ከ3 ዓመት ወዲህ በቤቱ ውስጥ የደረሰ ሞት እንዲነገር ያዛል፤ ከዚያ የቆየውን ሻጭ ሳይናገር ቢያልፍ አይጠየቅም፣ ነገር ግን በቀጥታ ተጠይቆ ቢዋሽ ሕጉ አይከልለውም። በፔንሲልቬንያ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ግድያና ራስን ማጥፋት የቤት ጉድለት አይባልም ብሎ ወሰነ። ጃፓን እንዲህ ላሉ ቤቶች የራሷ ቃል አላት፣ ጂኮ ቡከን ትላቸዋለች። በ2021 መንግሥት ባወጣው መመሪያ ለኪራይ ቤት የመግደልና ራስን የማጥፋት ታሪክ 3 ዓመት ገደማ ይነገራል፤ በዕድሜ ወይም በሕመም የመጣ ሞት አይነገርም፤ ሰው ከጠየቀ ግን መመለስ ግድ ነው።

ለአንቺ የሚሆነው ይህ ነው፤ በብዙ ቦታ ዝም ማለት አያስጠይቅም፣ ተጠይቆ መዋሸት ግን ያስጠይቃል። ስለዚህ ጠይቂ። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ። «በዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሞቷል ወይ፣ መቼና እንዴት፣ ተከራዮች ለምን ወጡ፣ የቀረበ ቅሬታ አለ ወይ» ብለሽ ለሻጩ ይድረስ፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። ቀብዱ ላይም «በምርመራ አደገኛ ነገር ቢገኝ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባ። ያለዚህ አንዲት ሳንቲም አትክፈሉ።

ቀለም ቀቢዋ | ረቡዕ ጠዋት

ማለዳ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ቤት 4 ዓመት ኖሬያለሁ። ተከራይቼ እንጂ ገዝቼ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሲኦል ነበሩ፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ከመግባቴ በፊት ሁሉም ሰው ነግሮኝ ስለነበር ጆሮዬ ሌላ ሥራ አልነበረውም። በር ሲንቋረር ልቤ ይወርዳል። ማታ ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ እህቴን እቀሰቅሳለሁ። አንድ ቀን አባቴ መጥቶ ደብተር ሰጠኝና «የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ሰዓቱን፣ ነፋስ እንደነበረ፣ የት ሆነሽ እንደሰማሽ» አለኝ። ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ ኮቴው ሁልጊዜ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ሁልጊዜም ከምዕራብ ጎን ነው። የጎረቤቱ ልጅ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። የእነሱ ደረጃ ከእኛ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራ ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ አልተፈታልኝም። ሁለት ነገር እስከ ዛሬ አላውቀውም። አንዱን አልናገረውም። ሌላው፣ የኋላው ክፍል በር ቆልፌው ተኝቼ ጠዋት ተከፍቶ አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ቁልፉን ቀየርኩ፣ ቀረ። ምን እንደነበር አላውቅም ብዬ ኖርኩ። አላውቅም ማለት ያስፈራል ብዬ አስብ ነበር፤ ሲለምዱት ግን አንድ የተዘጋ መሳቢያ ቤት ውስጥ እንዳለ ያህል ነው።

ከመናፍስት ይልቅ ያስመረረኝ ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ፣ ሌሊት ድንጋይ ወርውሮ የሚሮጥ ጎረምሳ፣ «ያቺ የዚያ ቤት ሴት» እያለ የሚጠቁም። በኒው ዮርኩ አሚቲቪል የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ወጣት ወላጆቹንና አራት ወንድም እህቶቹን በገደለበት ቤት በቀጣዩ ዓመት አንድ ቤተሰብ ገብቶ በ28 ቀኑ ወጣ፤ የተናገሩትም ዓለምን አዳረሰ። ከእነሱ በኋላ እዚያው የኖሩት ሰዎች ግን መንፈስ አላየንም፣ ያስቸገረን ሊያይ የሚጎርፈው ሰው ነው ብለዋል። የቤቱ ቁጥር እንኳ የተቀየረው ሰው እንዳያገኘው ነው። ስለዚህ ቤቱን ስትገዢ ስሙንም አብረሽ እንደምትገዢ እወቂ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሚሏትን አስቢ።

ነርሷ | ረቡዕ ቀን

ስለ ደረት ላይ መቀመጥ ማንም አላብራራም፤ እኔ ልግባ።

ይህ ዱካክ ነው። ስሙን ከድሮም እናውቀዋለን። ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያሰናክላል፤ የምናልመውን ሁሉ ተነስተን እንዳናደርገው ነው። አንዳንዴ አእምሮ ሲነቃ ሰውነት እንደታሰረ ይቀራል። ዓይን ይከፈታል፣ እጅ አይነሳም፣ ድምፅ አይወጣም፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሕልሙም ገና ስላላለቀ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የ35 ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ሥራ ከ36,000 በላይ ሰዎችን አይቶ 7.6 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገጠማቸው አስቀምጧል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ፣ የሚጨነቅ ሰው ላይ ይበዛል።

አሁን አስቡት። ይህች ተከራይ ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሞተ ሰምታለች፣ ፈርታ እንቅልፍ አጥታለች፣ ከዚያ ዱካክ መጣባት። ያየችውን አይታለች፤ አልዋሸችም። እባካችሁ እንዲህ ያለ ሰው ሲነግራችሁ «አበደች» አትበሉ። እኔ ራሴ በ19 ዓመቴ ደርሶብኝ ለሁለት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

የሽቦ ሰው ያለው ግን ይቅደም። ዱካክ አይገድልም፤ ጋዝ ይገድላል።

የፊዚክስ ተማሪ | ረቡዕ ማታ

ጆሮ የማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅም አለ። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረከው፣ ሠራተኞች መንፈስ አለበት በሚሉት ቤተ ሙከራ ውስጥ ማታ ሲሠራ ብርድ ብርድ አለው፣ በዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር አየ። በማግስቱ ለውድድር ሊያዘጋጀው በማሰሪያ የያዘው የሻሞላ ስለት ማንም ሳይነካው ሲንቀጠቀጥ አገኘው። ሲመረምር አዲስ የተገጠመ አየር ማስወጫ በሰከንድ 19 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ያወጣ ነበር። የአየር ማስወጫው አገጣጠም ሲስተካከል ስሜቱ ጠፋ። ስለዚህ አየር ማስወጫና የውሃ ፓምፕም ይታይ።

ለማወቅ | ረቡዕ ማታ

ወንድሜ ተማሪው፣ የታንዲ ታሪክ ይማርካል፤ ግን የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የለንደን ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች ባዶ ክፍል ሠርተው ዝቅተኛ ድምፅና ኤሌክትሮ ማግኔቲክ ሞገድ ገጠሙበት፤ 79 ሰዎችን አንድ በአንድ አስገቡ። እንግዳ ነገር ሊሰማችሁ ይችላል ብለው አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ብዙዎቹ ተሰማን አሉ። ነገር ግን ሞገዱ በበራበትና በጠፋበት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ያመዘኑት ሰዎቹ አስቀድሞ የተነገራቸውን ነው የተሰማቸው ወደሚለው ነው።

ማለዳ፣ አንድ ነገር ልብ በይ። ቤቱን መጀመሪያ ያየሽው ሳትሰሚ ነው። ያን ቀን ያየሽው ፀሐይና ሳሎን ነበር።

ባዶ ወንበር | ሐሙስ ሌሊት

ይህን ሁሉ አንብቤ ልተወው ነበር። አልቻልኩም።

የእኛም ቤት እንዲህ ይባላል። ወንድሜ የሞተው ላይኛው ክፍል ውስጥ ነው፣ በገዛ እጁ። 24 ዓመቱ ነበር። ቤቱን ለመሸጥ ሦስት ዓመት ሞከርን። ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ፤ የመግዛት ሐሳብ የላቸውም። እናቴ ፊት «የትኛው ክፍል ነው?» እያሉ ስልካቸውን ያወጣሉ። አንዱ ደረጃው ላይ ቆሞ «ና ውጣ» ብሎ ተጣራ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ትሰማ ነበር።

ወንድሜ በሕይወቱ ማንንም አስፈራርቶ አያውቅም። ጎርፍ በመጣ ጊዜ የጎረቤት ሽማግሌ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣ ልጅ ነው። የሞተበትን ሕመም ማንም አይጠይቅም፣ እኛም ቶሎ አላወቅንለትም። ሞቶም ክፉ መንፈስ አደረጉት። አንድ ሰው በር ላይ አስቁሞሽ «ሰው አይከርምበትም» ሲልሽ፣ ስለ ማን እየተናገረ እንደሆነ አስቢ። ያ አባወራ ሚስት ነበረችው። ምናልባት ልጆች።

መንፈስ የለም ልልሽ አይደለም የመጣሁት። እኔ እንኳ ኮቴውን ብሰማ እመኝ ነበር። ስትጠይቂያቸው በእርጋታ ጠይቂያቸው ልልሽ ነው።

ይህን ከምታነቡ ሰዎች መካከል እሱ የነበረበት ላይ የደረሰ ካለ፣ ዛሬ ሌሊት ለአንድ ሰው ንገሩ። ማንም ይሁን።

ዘካርያስ | ሐሙስ ጠዋት

እህቴ ባዶ ወንበር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጀመሪያ ስጽፍ የሞተውን ሰው አላሰብኩትም፤ ስለ መንፈስ ብቻ ነበር ያሰብኩት። እምነቴን አልቀየርኩም፤ ክፉ መንፈስ አለ። ያ የሞተው ሰው ግን እሱ አይደለም። ሙት በአምላኩ እጅ ነው፤ እኔ ያደግሁበት ትምህርት ይህ ነው፣ ራሴ ረስቼው ነበር። ነፍሱን ይማር፣ ለእናትሽም መጽናናትን ይስጥልኝ።

ቀለም ቀቢዋ | ሐሙስ ጠዋት

ነፍስ ይማር። ስሙን ባላውቅም ዛሬ ሳስበው እውላለሁ።

ማለዳ | ቅዳሜ ማታ

ሁላችሁንም ፈጣሪ ይስጥልኝ። ባዶ ወንበር፣ መልእክትሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሐሙስ ዕለት ባለሙያ ይዘን ሄድን። ቤቱ ባዶ ስለሆነ የሚያድርበት ሰው የለም፤ ተመስገን። በርና መስኮት ዘጋን፣ ቦይለሩን አስነሳነው። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መለኪያው ከዜሮ ተነስቶ በ20 ደቂቃ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ደረሰ። ባለሙያው ወዲያው አጥፍቶ አስወጣን። የጭስ ማውጫው ቱቦ ኮርኒሱ ውስጥ ከመገጣጠሚያው ተላቆ ነበር፤ ጋዙ በኮርኒሱ አልፎ መኝታ ክፍሉ ላይ ይወርዳል። ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥም የላላ ኒውትራል ተገኘ፣ ጫፉ ጠቁሯል።

ለሻጯ የውል ጉዳይ እንዳለው በጽሑፍ ጠየቅናት። የሟቹ ባለቤት ናት። ደላላው «አትመልስም» ብሎን ነበር፤ እሷ ግን በገዛ እጇ ጽፋ ላከች። ባሏ መቼና የት ክፍል እንደሞተ ነገረችን። ተከራዮቹ ራሳችንን ያመናል ይሉ እንደነበርና እሷ በሐዘኑ ምክንያት ነው ብላ እንዳሰበች ጻፈች። የቦይለሩን ነገር ስንነግራት ደውላ አለቀሰች። «እነዚያን ልጆች ልገድላቸው ነበር» ነው ያለችው። ተከራዮቹን አንድ በአንድ ፈልጋ ልትነግራቸው ነው።

የሽቦ ሰው | ቅዳሜ ማታ

ከሚሊዮን 70! የዓለም ጤና ድርጅት ለ8 ሰዓት ቆይታ ያስቀመጠው ወሰን በኪዩቢክ ሜትር 10 ሚሊግራም ነው፣ ይህም ከሚሊዮን 9 ገደማ ማለት ነው። 20 ደቂቃ እዚያ ካደረሰው ብርድ ባለበት ሌሊት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ አራት ሰው ተራ በተራ ገላውን ሲታጠብ ስንት እንደሚደርስ አስቢው። ቱቦውን መጠገን አይበቃም፤ ያ ቦይለር ከዚያ ግድግዳ ይውረድ። አዲሱ አየር ከውጭ የሚስብና ወደ ውጭ የሚያወጣ ዝግ ዓይነት ይሁን።

የውል ጉዳይ | እሑድ

ደብዳቤዋን አስቀምጪው። ጥገናው ከሽያጩ በፊት በማን ወጪ እንደሚሠራም ውሉ ላይ ይጻፍ። እንዲህ በቅንነት የመለሰች ሻጭ በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም።

ዘካርያስ | እሑድ

እኔ ብሆን አሁንም አልገባበትም ነበር፤ አልደብቅሽም። ከገባችሁ ግን ሳትገቡ ጸልዩበት፤ ለቤቱም፣ ለሟቹም፣ ለእሷም።

ማለዳ | ከሁለት ወር በኋላ

ገባን። ዛሬ 11ኛ ቀናችን ነው።

ቦይለሩ ወርዷል፣ ሽቦው ተቀይሯል። ጎረቤቷን እናት ቤት ጠርቼ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው፤ ብዙ አልተናገሩም፣ ሲወጡ ግን የበሩን መቃን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ሄዱ። አባወራው የሞተበት ክፍል የልጃችን መኝታ እንዲሆን አልፈለግሁም፤ ባለቤቴ መጻሕፍቱን አስገብቶበታል።

ኮቴው አልጠፋም። ሦስት ሌሊት ሰምቻለሁ፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም። ወጥመድ አድርገናል፣ እስካሁን የተያዘ የለም። ደብተር ገዝቻለሁ።

የሽቦ ሰው | በዚያው ቀን

ጠቋሚውን የት ሰቀላችሁት?

ማለዳ | በዚያው ቀን

አንዱ መተላለፊያው ላይ፣ አንዱ ልጄ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ እኛ ጋ። በየሳምንቱ ቅዳሜ የመሞከሪያ ቁልፉን እንጫነዋለን። ልጄ ነች የምትጫነው።